ቢጫው ጠርዝ

ጎህ ሲቀድ መንገዱ የሁለቱ ብቻ ነው። እሷ ትሮጣለች፤ እሱ ከጎኗ በብስክሌት ያዘግማል። በብስክሌቱ መሪ ላይ ባንጠለጠለው ዘንቢል ውስጥ የውሃ ኮዳ፣ ፎጣ፣ ትርፍ ካልሲና የተቀቀለ ድንች አለ። ድንቹን ጨው ነስንሶ በንጹሕ ጨርቅ የሚጠቀልለው እሱ ነው። ጣቶቿን እንዳይልጣት የካልሲዋን ስፌት ወደ ውጭ የገለበጠላትም እሱ ነው።

“ትንፋሽሽ ተቆራረጠ። ቀስ በይ” ይላታል።

“አንተ ተቀምጠህ ስለምትሄድ ነው ምክር የሚቀናህ።”

“እኔም እኮ ደክሞኛል። ወንበሩ እንደ ድንጋይ ነው።”

“ልብስ ሰፊ አይደለህ? ትራስ ስፋለታ።”

ሰፈርተኛው ሁሉ መርፌ ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ ስለሚሠራም ጭምር። መምህርቷ ሚስቱም ከተጋቡ ወዲህ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም።

መምህርቷ ማራቶን ለመሮጥ የተነሣችው ሩጫ ወድዳ አልነበረም። እንዲያውም ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ቆም ብላ የምትተነፍስ ሴት ነበረች። ታናሽ እህቷ ግን ኦቲዝም አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትውልበት የነበረው ማዕከል ዕድሜዋ ከፍ ሲል፣ ለአዋቂ የሚሆን ቦታ የለንም ብሎ በትሕትና አሰናበታት። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ግቢ እምብዛም አትወጣም። ዘንድሮ ማዕከሉ ለአዋቂዎች የራሳቸው ክፍል ለመሥራት ተነሣና በስሙ ማራቶን ሮጠው ድጋፍ የሚያሰባስቡ ሰዎችን ፈለገ። መምህርቷ ማመልከቻውን ሞልታ ካስገባች በኋላ ነው ለባሏ የነገረችው።

“ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ታውቂያለሽ?” አላት ያን ዕለት።

“አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?”

“እኔም አላውቅም። ግን ጫማ ያስፈልግሻል።”

የልምምድ መንገዳቸው በአባቷ ቤት በኩል ያልፋል። ከበሩ አጠገብ ካለው አጭር ግንብ ላይ እህቷ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። የቤቱ መጨረሻ ልጅ ስለሆነች ዛሬም፣ እንዲህ አድጋም፣ ጩጬ ነው የሚሏት። የጩጬ ሰላምታ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። መታቀፍ አትወድም፤ መሳም ደግሞ ጭራሽ። የምትወደውን ሰው የልብሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ጥቂት ታሸውና ትለቅቀዋለች። በቃ። መጣሽ፣ አየሁሽ፣ ደህና ነሽ ማለቷ ነው። ጨርቁ ግን የለሰለሰ መሆን አለበት። ሸካራ ከሆነ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ትሰበስባለች። ፊት ላይም ብዙ አታይም። ሰውን የምታውቀው ከወገቡ በታች ባለው ነገር ነው፤ በአካሄዱ፣ በጫማው፣ ከሁሉም በላይ በጨርቁ።

መምህርቷ ለልምምድ የምትለብሰው ካናቴራ ቢጫ ነው። ድሮ የመርፌ ሸሚዝ ነበር። ለዓመታት ታጥቦ ታጥቦ ከለሰለሰ በኋላ ፈትቶ በእሷ ልክ ሰፋላት። የልብስ ስፌት ሱቁ መጀመሪያ የገባች ቀን ለብሶት የነበረውም ያንኑ ሸሚዝ ነው።

ያን ቀን የጩጬን ቀሚሶች በእቅፏ ሙሉ ይዛ ነበር። ጩጬ ማንኛውንም አዲስ ልብስ እያወለቀች ትጥል፣ አንዳንዴም ትጮህ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ምን እንደነካት ግራ ገብቶት ነበር። መርፌ አንድም ነገር ሳይናገር የመጀመሪያውን ቀሚስ ገለበጠ፣ በጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ሄደ፣ ብብቱ ጋ ሲደርስ ቆመና፣ “የምታከው እዚህ ጋ ነው?” አለ። በትክክል እዚያው ነበር። ሁሉንም ስፌት ወደ ውጭ አዙሮ ከአንገቱ ላይ የተለጠፈውን ጨርቅ ፈታላት። ጩጬ ከዚያ በኋላ ቀሚስ አላወለቀችም። መምህርቷ ደግሞ ምንም እንከን የሌለበት ልብስ እየያዘች ሱቁ ትመላለስ ጀመር። ያላጠረውን አስረዝምልኝ፣ ያልሰፋውን አጥብብልኝ ስትለው መርፌ እንዳላወቀ ሆኖ ይለካል። በስተመጨረሻ፣ “ይህን ጉርድ ስታመጪ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው። ከዚህ በላይ ካጠበብኩት መቀመጥ አትችዪም” አላት። ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ያኔ አለቀ።

አባቷ ግን አልሳቁም። ዕድሜ ልካቸውን በዳኝነት ያገለገሉ፣ በከተማው ስማቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ከዚያም ወዲህ መርፌን “ሰውዬው” ከማለት አልፈው አያውቁም፤ ያንንም የሚሉት ለልጃቸው እንጂ ለእሱ አይደለም። በየጠዋቱ ከላይኛው ፎቅ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ጩጬ የታላቋን ካናቴራ ጠርዝ ስትይዝ ያያሉ። ከዚያ መጋረጃው ይመለሳል።

ውድድሩ እየቀረበ ሲመጣ መርፌ የማራቶኑን መንገድ በሙሉ በብስክሌት አብሯት ዞረ። ፍጻሜው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ በአንድ የቆየ ማተሚያ ቤት የጡብ ግንብ ሥር ይታጠፋል። እዚያ ወርዶ ቆመና ዙሪያውን አዳመጠ።

“እዚህ ጥሩ ነው” አለ።

“ለምን?”

“ጥላ አለው። የድምፅ ማጉያውም እዚህ አይደርስም።”

ስለ ማን እንደሚያስብ መናገር አላስፈለገውም። እሷም አልጠየቀችውም፤ የብስክሌቱን መሪ ያዘችና እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

ረቡዕ ዕለት ከአባቷ ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ ወደ ሱቁ ገባች። መርፌ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ላይ አጎንብሶ ነበር። የማዕከሉ ሯጮች ሁሉ የሚለብሱትን ሰማያዊ ካናቴራ ገበታው ላይ አስቀመጠችለት።

“ይቺን ስፌቷን አዙርልኝ። ብብቴን ትፍቀኛለች።”

“እሺ።”

“አባዬ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠርቷል። ፍጻሜው ላይ ከድንኳኑ ይቀመጣል።”

“ጥሩ ነው።”

“ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ደርሰሽ እደሪ አለኝ። መነሻው ለእነሱ ቅርብ ነው፤ ጠዋት ትራንስፖርት አያስቸግርም።”

“እሺ።”

“ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ጥቂት ነው አለ። አንተ…” የካናቴራውን ጠርዝ በጣቷ አጠፈች። “አንተ ከሕዝቡ ጋር ብትቆም ቅር ይልሃል?”

“ድሮስ ከማን ጋር ስቆም ታውቂያለሽ?” አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ይልቅ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀና አለ። “ጩጬስ?”

“ቤት ትቆይ ብሏል። ሰዉ ይበዛባታል፣ ትጮሃለች ብሎ ነው።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

ለአባቷ ምንም አላለቻቸውም ነበር። ለእህቷ ብላ ለወራት እግሯ እስኪያብጥ ሮጣ፣ እህቷ ትምጣ የሚል አንድ ቃል ከአባቷ ፊት አልወጣ ብሏት ነበር። መርፌ መልሱን ከፊቷ ላይ አንብቦ ወደ ሱሪው ተመለሰ። የስፌት መኪናው መጮህ ጀመረ።

“እሺ ብቻ ነው የምትለው?” አለችው።

“ሌላ ምን ልበል?”

ያን ማታ ጎን ለጎን ተኝተው በመካከላቸው ሌላ ሰው የተኛ ያህል ተራራቁ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መርፌ ክር ሊገዛ ወጥቶ ሱቁ ገርበብ ብሎ ነበር። መቀስ ፈልጋ ወደ ስፌት መኪናው ጠጋ አለች። ከሥሩ የብጣሽ ጨርቅ ቅርጫት አለ። አናቱ ላይ ቢጫ ነገር አየች። ጎንበስ ብላ አነሣችው። ካናቴራዋ ነው። ከብብቱ በታች ተቆርጧል፤ እጅጌው ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ ወድቋል።

ክው ብላ ቀረች።

ይህ ሰው ሲከፋው እንደማይናገር ታውቃለች። ደስታውንም ኀዘኑንም የሚያወጣው በእጁ ነው። እናቱ የሞቱ ሰሞን ማንም ሳያዘው የሱቁን መጋረጃ በሙሉ ፈትቶ እንደገና ሰፍቶት ነበር። ስለዚህ ይህን መቁረጥም እንደ ንግግር አነበበችው። አባትሽ ዘንድ ሂጂ፣ እኔ ከጎንሽ የሄድኩበትን ማለዳ ሁሉ ቆርጬ ጥዬዋለሁ ያላት መሰላት። የሚያሳዝነው ነገር ልትቆጣው እንኳ አልቻለችም። ከእሱ ይልቅ ራሷ ላይ ነበር የከፋት። ጨርቁን እንደነበረ መልሳ ከላዩ ሌላ ብጣሽ ጣል አደረገችበት። መርፌ ሲመለስ ደብተር እያረመች አገኛት።

“ምነው ፊትሽ?” አላት።

“ደክሞኝ ነው።”

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጣት።

“ካናቴራሽ ነው።”

“አመሰግናለሁ።”

እንድትከፍተው የጠበቀ ይመስል ነበር። ዓይኖቹ ከወረቀቱ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ወረቀቱ ሄዱ። እሷ ግን ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከእጁ የወጣ ነገር እፊቱ ብታይ እንባዋ እንደሚያመልጣት አውቃ ነው። ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ፣ “ውሃ ቀስ እያልሽ ጠጪ” ሲል ሰማችው። ዘወር ሳትል እጇን አነሣችለት። ከዚያ በኋላ እስከ አባቷ ቤት ድረስ እጇ የከበዳት መሰላት።

እሑድ ጠዋት፣ በልጅነት ክፍሏ፣ ወረቀቱን ከፈተች።

ካናቴራው ሰማያዊ ነው። ስፌቱ በሙሉ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ከአንገቱ ላይ የተለጠፈው ጨርቅ የለም። ከታች፣ ከጠርዙ፣ ዙሪያውን መዳፍ የሚያህል ቢጫ ጨርቅ ተቀጥሎበታል። የለሰለሰ፣ ፀሐይ የጠጣ ቢጫ። የተሰፋው በመኪና ሳይሆን በእጅ ነው፤ የስፌቱ ጫፍ ለጣት እንዳይሻክር በጥንቃቄ ታጥፏል።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ገባት። ሰማያዊ በለበሰ ሕዝብ መካከል ጩጬ እህቷን የምታውቅበት ምንም ነገር እንደማይኖር እሱ ብቻ ነው ያሰበው። ጩጬ አትመጣም በተባለበት ሰሞን፣ ማንም ምንም ባላለበት ሰሞን፣ እሱ ትመጣለች ብሎ ሰፍቷል። እሷ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በልቧ ስትጠረጥረው ከርማለች። ጨርቁን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። የብረት ካውያ ሽታ አለው።

አባቷ ሳሎን ውስጥ ጥቁር የሱፍ ጃኬታቸውን ለብሰው ሻይ እየጠጡ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት።

“ልብስሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው።”

“አይ፣ ትክክል ነው አባዬ።”

“ሥሩ ያለው ቢጫስ ምንድን ነው?”

“የጩጬ ነው” አለች። ከዚያ ከረቡዕ ጀምሮ አልወጣ ያላት ቃል ሳታስገድደው ወጣ። “ጩጬ ዛሬ ትመጣለች። ባለቤቴ ያመጣታል።”

ዳኛው ሲኒውን አስቀመጡ። “ሕዝቡን አስቢው። ትጮሃለች።”

“ትጩህ።”

“ሰዉ ሁሉ ያያታል።”

“እኔም እኮ የምሮጠው እንድትታይ ነው።”

ዳኛው ሲኒውን መልሰው አነሡ። ቁጣም ፈቃድም ፊታቸው ላይ አላየችም። ወደ ግቢው ወጥታ ስልኳን አነሣች። መርፌ ወዲያው አነሣው።

“ጩጬን ታመጣልኛለህ?”

“የት?”

“አንተ ታውቃለህ።”

“እሺ” አላት።

ያው የረቡዕ እሺ ነበር። ዛሬ ግን ሙሉ ቤት የያዘ እሺ ሆኖ ተሰማት።

ሩጫው ረጅም ነው። መጀመሪያ ላይ ሰውነቷ ቀለላት፤ ከዚያ ጉልበቷ ተናገረ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ። ከጎኗ ብስክሌት አለመኖሩን ደጋግማ ዘነጋችው። ኮዳ ለመቀበል እጇን ወደ ባዶ አየር ዘርግታ በራሷ ሳቀች። ከጎኗ የሚሮጡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ “ማንን ነው የምትጨብጪው ልጄ?” አሏት። “ባሌን” አለቻቸው። “ጎበዝ ነሽ። እኔ የሸሸሁት ከሚስቴ ነው” ብለው አሳቋት። ሰውየው ወደ ኋላ ከቀሩ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ቀረ። አባቷ በሩን ዘግተውስ ከሆነ? ጩጬ ብዙ ሰው አይታ ግንብ ላይ አልቀመጥም ብላስ ከሆነ? እግሯ የሚሄደው በሥልጠና ብዛት ነበር፤ ልቧ ግን ቀድሟት ጥላው ዘንድ ደርሷል።

የጡብ ግንቡ ታየ።

ብስክሌቱ ግንቡን ተደግፏል። መርፌ ቆሟል። ከጎኑ ጩጬ ጆሮዋን የሚከልል ነገር አድርጋ፣ ቀሚሷን በጉልበቷ ሸብ አድርጋ ተቀምጣለች። ሯጮቹ በፊቷ ያልፋሉ። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ጩጬ የማንንም ፊት አታይም። ዓይኗ ከወገብ በታች ተተክሏል። መርፌም አይጠቁማትም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ከዚያ ቢጫው መጣ። ጩጬ ተነሣችና እጇን ዘረጋች።

መምህርቷ ቆመች። አጠገቧ ያሉት አለፉ። ጩጬ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አሸችው፣ ቆየች። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየች። የመምህርቷ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፤ መርፌ ትንፋሹን ይዟል።

“ረጥቧል” አለች ጩጬ።

ጠርዙን ለቅቃ ጣቶቿን በመርፌ ሸሚዝ ጠረገች።

ሁለቱም ሳቁ። መምህርቷ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ ከላቡ ጋር ስለተደባለቀ የሚለየው አልነበረም። መርፌ ግን ለየው። እጁ ወደ ጉንጯ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

“ሂጂ፣ እግርሽ ይቀዘቅዛል” አላት።

“እሺ” አለችው።

ፍጻሜው ላይ ጭብጨባ ነበር። አንገቷ ላይ ሜዳሊያ አጠለቁላት። ድንኳኑን ስታይ የፊተኛው መካከለኛ ወንበር ባዶ ነው። የማዕከሉ ዳይሬክተር በደስታ ሊያቅፋት መጣ፤ ስለ አባቷ ስትጠይቀው፣ “ንግግር ሊያደርጉ ሲጠሩ ተነሥተው ሄዱ። ምን እንዳስቀየምናቸው እንጃ” አላት። ልቧ ስንጥቅ አለ። አፍረው ሄዱ፣ ጩጬ መጥታለች ብለው አፍረው ሄዱ ብላ አሰበች። እዚያ የተሰጣትን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እያነከሰች ወደ ጡብ ግንቡ ተመለሰች።

ግንቡ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል።

ዳኛው በጥቁር ጃኬታቸው ከጩጬ በስተቀኝ ናቸው። ግራ ክንዳቸውን ወደ ልጃቸው ዘርግተዋል፤ ለረጅም ጊዜ ዘርግተውት እንደቆዩ ከትከሻቸው አቀማመጥ ይታያል። ጩጬ ወደ እጅጌው አንድ ጊዜ ተመለከተች፣ ጣቷን አስጠጋች፣ ሱፉ ሲኮሰኩሳት ሰበሰበችውና ዞር አለች። ዳኛው ክንዳቸውን አላወረዱም። መምህርቷ መጋረጃው ትዝ አላት። በየጠዋቱ ከዚያ ጀርባ የቆሙት ሰውዬውን ሊጠሉ አልነበረም። ጩጬ የምትወደውን ሰው ጠርዝ እንዴት እንደምትይዝ ሊያዩ ነበር።

አባቷ ቀና አሉ። የተናገሩት ግን ለእሷ አይደለም። ወደ ግራ፣ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረው፣ እንደ ደንበኛ ረጋ ብለው፣ እንደ አባት ግን ድምፃቸው ሻክሮ ጠየቁ።

“ከዚያ ቢጫ ጨርቅ የተረፈ አለ?”

መርፌ ድንገት ስሙን የሰማ ሰው መሰለ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ሚስቱ ቀደመችው።

“አለ። ከመኪናው ሥር፣ ቅርጫቱ ውስጥ ነው። እጅጌውም አንገቱም አለ።”

መርፌ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ደብተር ስታርም ያገኛት ምሽት፣ ያልተከፈተው ጥቅል፣ ደረጃው ላይ ዘወር ያላለችው አንገቷ፣ ሁሉም በፊቱ ላይ አለፈ።

“መቼ አየሽው?”

“ሐሙስ።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“እሺ ብለህ እንዳትለቀኝ ፈርቼ።”

ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ከትከሻዋ ሊወድቅ ያለውን ፎጣ አስተካከለላት፤ እጁንም ሳያነሣ እዚያው ተወው።

“ለእጅጌ ይበቃል ወይ ማለቴ ነው” አሉ ዳኛው፤ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ነው።

መርፌ ጎንበስ አለ። መለኪያ አልያዘም። የአማቱን የእጅ አንጓ በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ከበበው፤ ልብስ ሰፊ እንደሚለካው፣ ሳያጠብቅና ሳያላላ።

“ይበቃል፣ አባባ” አለ።

ልኩን ከወሰደም በኋላ ዳኛው እጃቸውን አልሰበሰቡም።